ልጆቹ አሉ፤ የጎደሉት ከመዝገቡ ነው

ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ሕንፃ ግንባታቸው በከሚሴ ከተማ ለመራጮች የተደረገ ንግግር





በምርጫ ሰሞን መድረክ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት እሠራላችኋለሁ ይላል። እኔም ይህንኑ ለማለት ብቻ ብመጣ ኖሮ ከገበያ ቀናችሁ ላይ ይህን ያህል ሰዓት ባልወሰድኩባችሁ ነበር። የመጣሁት ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚመጣው ጥያቄ ልነግራችሁ ነው። ትምህርት ቤቱ የት ይሠራል? ለስንት ልጅ ይሠራል? ስንት ልጅ እንዳለስ በማን መዝገብ ይታወቃል? እነዚህ ጥያቄዎች የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላሉ። ነገር ግን የልጆቻችሁ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

በቅድሚያ የክልሉን ሁኔታ እንመልከት። የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ለ2017 የትምህርት ዘመን 7 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን ለመመዝገብ ዕቅድ ይዞ ነበር። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሳይመዘገቡ ቀሩ። በሺሕ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችም በራቸው ተዘግቶ ቆየ። ይህን የተናገረው ተቃዋሚ አይደለም፤ ራሱ ቢሮው ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ከሚጠበቁት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደብተር ሳይዙ የዋሉበት ዓመት በዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ በጀት መዳቢው ይህን መዝገብ ይዞ ሲቀመጥ ምን ያያል? በአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት 8 ክፍሎች አሉ እንበል። የተመዘገበው ተማሪ 200 ነው። በ50 ሲካፈል 4 ክፍል ይበቃል። ስለዚህ 4 ክፍል ትርፍ ነው፣ መምህርም ይቀነስ፣ የጥገና ገንዘቡም ወደ ሌላ ይዙር ይላል። በወረቀት ላይ ስሌቱ ልክ ነው። ስሕተቱ ያልተመዘገበ ልጅ እንደሌለ መቆጠሩ ላይ ነው።

የተማሪ ቁጥር መቀነስ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ከ8 ሺሕ በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ምክንያቱም የሚወለደው ልጅ እያነሰ በመሄዱ ነው። እዚያ መዝገቡ ሲቀንስ ልጁም ቀንሷል። ሕንፃው ለአረጋውያን መዋያ ወይም ለሌላ አገልግሎት ቢውል የሚጎዳ የለም። የእኛ መዝገብ የቀነሰው ግን ልጅ ስላልተወለደ አይደለም። ልጆቹ አሉ። ማሽላ ሲጠብቁ፣ ከብት ሲያግዱ፣ በከተማው መንገድ ዳር ሶፍትና ማስቲካ ሲያዞሩ በየቀኑ እናያቸዋለን። እንደ ጃፓን መዝገቡን አይተን ክፍል ብንቀንስ፣ ሰላም የወረደ ዕለት ልጆቹ ተመልሰው የሚገቡበት ጣሪያ አይኖርም።

በመስከረም 2012 እዚህ ከሚሴ ወይም በዙሪያዋ አንደኛ ክፍል የገባችን ልጅ አስቡ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። የተከፈቱት ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬ፣ በሰንበቴና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ የተነሣው ግጭት ሰዉን ከሁለቱም ወገን አፈናቀለ፤ ገደለ። በ2014 ትምህርት በተጀመረ ማግሥት፣ በጥቅምት ማለቂያ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ገባ። ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሰችው በኅዳር ማለቂያ ነው። ከዚያ ጥቂት ፋታ ተገኘ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱም ቀጠለ። ይህች ልጅ በሥርዓቱ ብትማር ኖሮ በ2018 ሰባተኛ ክፍል ትሆን ነበር። ስንቶቹ እኩዮቿ እዚያ ደረሱ? ስንቶቹስ ስማቸውን በወጉ መጻፍ ሳይችሉ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ሞላቸው? ከእኔ ይልቅ እናንተ እናቶች ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሕንፃው ልመለስና አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። በአንድ ቀበሌ በየዓመቱ 60 ልጆች ሰባት ዓመት ይሞላቸዋል እንበል። ትምህርት ቤቱ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ተዘግቶ በ2019 ቢከፈት፣ አንደኛ ክፍል ለመግባት በር ላይ የሚቆመው 60 ልጅ አይደለም። የሦስቱ ዓመታት 180 እና የዘንድሮው 60 ተደምረው 240 ይሆናሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ለመጀመሪያ ደረጃ ባወጣው ልክ አንድ ክፍል 50 ልጅ ይይዛል። ስለዚህ ለአንደኛ ክፍል ብቻ 5 ክፍሎች ያስፈልጋሉ። የቀድሞውን መዝገብ አይቶ ያቀደ ሰው ያዘጋጀው 2 ክፍል ነው። በሚቀጥለው ዓመት እነዚሁ 240 ልጆች ሁለተኛ ክፍል ይገባሉ፤ ከዚያ ሦስተኛ። ጎርፉ በየዓመቱ አንድ ክፍል ወደ ላይ እየወጣ ስምንተኛን አልፎ ሁለተኛ ደረጃን ያጥለቀልቃል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡት ደግሞ ሌላ ሒሳብ ናቸው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ነገር ይወጣል። ለዚያ ሁሉ ጎርፍ ቋሚ ሕንፃ እንሥራ ማለት ሞኝነት ነው፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ባዶ ይቀራልና። ዕድሜያቸው ያለፈባቸውን ልጆች ለብቻ ይዞ በተፋጠነ ትምህርት ማድረስ ይቻላል። በአገራችን ስፒድ ስኩል በሚባለው ዘዴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ትምህርት በ10 ወር አስጨርሶ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል ማስገባት ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። አሥር ዓመት የሞላውን ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል። ለእነዚህ ልጆች የሚሆነው ክፍል ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል፤ የኪራይ ቤትም፣ የከሰዓት ፈረቃም ይሆናል። ቋሚውን ብሎክ መሥራት ያለብን በየዓመቱ ለሚደርሱት 60 ልጆች ነው። ጊዜያዊውንና ቋሚውን ለይቶ የሚያውቅ ዕቅድ እስካሁን አላየንም።

ወገኖቼ፣ ይህ ችግር ከሰማይ አልወረደም፤ ልማድ አለው። በ1983 በመጀመሪያ ደረጃ የነበረው ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 30 ግድም ነበር፤ በ2000 ከ90 በላይ ደረሰ። ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ መልካም ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በኢሕአዴግ ዘመን ቁጥሩ ራሱ ግብ ሆነ። በ2001 በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ልክ ነበር። ርእሰ መምህሩ መዝገቡ ሲያብጥ ጠመኔና ዴስክ መግዣ ያገኛል፤ ሲከሳ ያጣል። ሰላም ባለበት አገር ይህ አሠራር ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ጦርነት ባለበት አገር ግን በጣም የተጎዳው ትምህርት ቤት አነስተኛውን ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው። መስኮቱ የረገፈ፣ ዴስኩ ለማገዶ የነደደ ትምህርት ቤት ተማሪው ስለሸሸ ድጎማውም ይሸሸዋል። ልጁ የሚመለሰው ክፍሉ ሲጠገን ነው፤ ክፍሉ የሚጠገነው ደግሞ ልጁ ሲመለስ ነው እየተባለ ዓመት ይታለፋል።

ታዲያ ትክክለኛው የልጆች ቁጥር ከየት ይመጣል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያን ጊዜ ከሚሴ ከተማ ከ20 ሺሕ ያነሰ ሰው ተቆጠረባት፤ ዞኑ በሙሉ ደግሞ ከ450 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው። ቀጣዩ ቆጠራ ከ2010 ጀምሮ እየተራዘመ እስካሁን ቆየ። ከዚያ ቆጠራ ማግሥት የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት ሞልቶት የምርጫ ካርድ ያወጣል፤ መንግሥት ግን አንድ ቀን እንኳ ቆጥሮት አያውቅም። ከ1999 ወዲህ ስለ ሕዝባችን የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ማን ተፈናቅሎ እንደመጣ፣ ማን ተፈናቅሎ እንደሄደ፣ ማን በበረሃ አቋርጦ ወደ ሳዑዲ እንደተሻገረ አያውቅም።

ቆጠራ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማህደር አላት። የትኛው ቤት ልጅ እንደተወለደ፣ የትኛው ልጅ ክትባት እንደጀመረና እንዳቋረጠ ትጽፋለች። ከ2008 ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ ልደት በቀበሌ እንዲመዘገብ ሆኗል። ዛሬ የተከተበ ሕፃን የት እንዳለ ከታወቀ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቅድመ መደበኛ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል የት እንደሚገባ ይታወቃል። ሕንፃ ለመሥራት ከዚህ የበለጠ ምን ማስጠንቀቂያ ይፈለጋል? የጤና ጽሕፈት ቤቱና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳ መዝገባቸውን አያስተያዩም። የፓርቲያችን የመጀመሪያው የትምህርት ሥራ ይህ ይሆናል። በየቀበሌው ከልደት እስከ 18 ዓመት ያለው ልጅ ከጤና መዝገቡ፣ ከልደት ምዝገባውና ቤት ለቤት ከሚደረግ ማጣራት ተጠናቅሮ ይቆጠራል። ውጤቱም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። የትምህርት ቤት በጀትም የሚመደበው በዚያ ቁጥር ይሆናል እንጂ በተመዘገበው ተማሪ ብቻ አይሆንም። የልጅን ቁጥር ማወቅ ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ብረት አይፈልግም።

የከተማ ሰዎች ናችሁና ይህ ለእናንተ ምን እንደሆነ ልናገር። የገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቅም ያለው ልጁን ወደ ከተማ ዘመድ ይልካል። ተፈናቃዩም የሚያርፈው ከተማ ነው። ድሮም የገጠር ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ስለዚህ የገጠሩ ክፍል ባዶ ሆኖ የከተማው ክፍል ይሞላል። ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል፦ የዞኑ የተማሪና የክፍል ጥምርታ ደህና ነው ይባላል። አንዱ ክፍል 20፣ ሌላው 80 ልጅ ቢይዝ አማካዩ 50 ነው። አማካዩ የተሟላ ቢመስልም ልጃችሁ የምትቀመጠው ግን 80ው ውስጥ ነው። ደንባራ ሪፖርት ማለት ይህ ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። በዞናችን ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ በአማርኛ የሚማሩም አሉ። ሁለቱም መብት ነው። ነገር ግን 25 ልጅ በአንዱ፣ 25 ልጅ በሌላው ቋንቋ ሲማር በወረቀት ላይ 50 ስለሆነ አንድ ክፍል ይበቃል የሚል አቃጅ ሥራውን አያውቅም። ሁለት ክፍልና ሁለት መምህር ይፈልጋል። ይህን በዕቅዱ ያላስገባ አስተዳደር በኋላ አንዱን ወገን ከሌላው ጋር በክፍል ያጣላል፤ ጠቡንም የብሔር ጠብ ያስመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ጠቡ የክፍል ጥበት ነው።

በ2015 የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ሕንፃ ይጠይቃል። ቅድመ መደበኛው ሁለት ዓመት ሆኗል፤ መጀመሪያ ደረጃው ከ1 እስከ 6፣ መካከለኛው 7 እና 8፣ ሁለተኛ ደረጃው ከ9 እስከ 12 ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን ከቤቱ ብዙ ርቆ አይሄድም፤ ለእሱ ትንሽ ክፍል በየሰፈሩ ነው የምታስፈልገው። ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ለሕፃን የሚሆን መጸዳጃ፣ ውኃ ያስፈልጋል። አሁን በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ለትልልቆቹ ከተሠራው ግቢ ውስጥ የተረፈውን ጥግ ለሕፃናቱ መስጠት ነው።

ስለ ፈረሱት ትምህርት ቤቶች ደግሞ እንነጋገር። በሰሜኑ ጦርነት በክልሉ ከ4 ሺሕ በላይ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። መንግሥት ትምህርት ለትውልድ በሚል ንቅናቄ ከሕዝብ መዋጮ እያሰባሰበ ሲጠግንና ሲሠራ ቆይቷል። ሕዝቡ ከአፉ ነጥቆ ሰጥቷል፤ ይህን የሚያናንቅ የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በመዋጮ የሚሠራ ትምህርት ቤት የሚሠራው ገንዘብ ያለው ሰው ባለበት እንጂ ልጅ በበዛበት አይደለም። መዋጮ ለአጥርና ለቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ ክፍሉን መሥራት የመንግሥት ዕዳ ነው።

ታጣቂ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰፈረ ሕንፃው ጦር ሰፈር ይሆናል፤ ሌላው ወገንም ይተኩስበታል። በ2007 ኦስሎ ላይ ትምህርት ቤቶች ለውጊያ እንዳይውሉ የሚያሳስብ መግለጫ ወጥቶ ከ100 በላይ አገሮች ደግፈውታል። ፓርቲያችን ይህን የአገር ሕግ ለማድረግ ይታገላል። ሕጉ ለመንግሥት ወታደርም ለሌላውም አንድ ነው። መምህር በየትኛውም ወገን እንደ ካድሬ ወይም እንደ ሰላይ መቆጠር የለበትም።

ሁሉንም ጥፋት በጦርነቱና በመንግሥት ላይ ጭኜ ልሂድ አልልም። ማሽላው እሸት ሲይዝና ግሪሳው ሲመጣ ልጅ ከወፍ ጠባቂነት ተነሥቶ ትምህርት ቤት አይሄድም፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ልክ ምዝገባ በሚካሄድበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጋ ሲሆን የአርብቶ አደሩ ከብት ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ ልጁም አብሮ ይወርዳል። እነዚህ የኑሯችን ነገሮች ናቸው። ምዝገባውን በአንድ ቀን ደወል የሚዘጋ፣ ዘግይቶ የመጣን ልጅ የሚመልስ አሠራር ግን የኛ ሳይሆን የቢሮ ነው። በቆላው ወረዳዎች ምዝገባ እስከ ኅዳር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ለዘገዩት ማካካሻ ይሰጣል። ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን ጉዞ በተመለከተም በ2006 ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ወሎ ምን ያህል እንደተነካ ታስታውሳላችሁ። ስምንተኛን ጨርሳ ሁለተኛ ደረጃ የራቃት ልጅ ደላላ ቤት ትቀርባለች። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመኝታ ክፍል ጋር ወደ ገጠሩ ጠጋ ቢል ብዙ ደላላ ሥራ ይፈታል።

ለከተማችሁ የምንገባው ሌላ ቃል መሬትን ይመለከታል። ከተማ እያደገ ሲሄድ በፕላን ላይ ለትምህርት ቤት የተያዘ ባዶ ቦታ ሁሉም የሚቋምጥበት ቦታ ይሆናል። ዛሬ ተማሪ ቀንሷል ተብሎ ለሌላ የተሰጠ ቦታ ነገ ተመልሶ አይገዛም። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የተከለለ መሬት ዝርዝሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ የከተማው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ሳይወስን ለማንም እንዳይተላለፍ እናደርጋለን።

አንዳንዶቻችሁ ሰላም ሳይኖር ሕንፃ ምን ያደርጋል ትላላችሁ። እውነት ነው። የተኩስ ድምፅ ባለበት ቦታ ብሎክ እናቆማለን ብለን አንዋሽም፤ ፓርቲያችን ከሁሉ አስቀድሞ ሁሉንም ወገን ያካተተ ድርድር የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ሁሉንም ክፍል በአምስት ዓመት ሠርተን እንጨርሳለንም አንልም፤ ገንዘቡ አይበቃም። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹን እንቆጥራለን፣ ጣሪያና መስኮታቸው ብቻ የተጎዱትን እንጠግናለን፣ ትምህርታቸውን ላቋረጡት የተፋጠነውን ትምህርት እንከፍታለን። በተዘጉ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ደመወዛቸው ሳይቆረጥ፣ ከቦታቸው ሳይነቀሉ እንዲቆዩ እናደርጋለን፤ መምህሩ አንዴ ከተበተነ መሰብሰቡ ከሕንፃው ይከብዳልና። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ቋሚው ግንባታ በተቆጠረው ልጅ ብዛት ተራ ይዞ ይቀጥላል። ተራውም ከቆጠራው ውጤት ጎን ይለጠፋል። የትኛው ቀበሌ ስንተኛ እንደሆነ ማንም አንብቦ ለምን ብሎ ይጠይቃል።

እኔ እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ተራ በተራ ተነሥታችሁ ንገሩን። በአፋን ኦሮሞ መናገር የምትፈልጉ በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ፤ ጸሐፊያችን ይመዘግባል።